የስፖርት መኪናን የጎማ ኩሽኔታ በርካሽ ለመግዛት

የስፖርት መኪና ባለቤት የጎማው ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት ባለ ኳስ ወይም ባለ ሮለር ቀለበት) ሲሞትበት ብዙውን ጊዜ ሁለት ዋጋ ይሰማል። አንደኛው የመኪናው አምራች ወኪል የሚጠይቀው ሲሆን ሰውን ያስደነግጣል፤ ሁለተኛው በኢንተርኔት ገበያ ላይ የሚታየው ስሙ ያልታወቀ ዕቃ ዋጋ ሲሆን ከማስደሰቱ በፊት ያጠራጥራል። ይህ መመሪያ የሚያስረዳው በሁለቱ መካከል ያለውን ሦስተኛውን ዋጋ እንዴት ማግኘት እንደሚቻል ነው። ሦስተኛው ዋጋ ሊኖር የቻለበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ማዝዳም ሆነ ፖርሽ ወይም ቶዮታ በመኪናቸው ላይ የሚገጥሙትን ኩሽኔታ በአብዛኛው የሚገዙት ሥራቸው ይኸው ከሆነ ፋብሪካዎች ነው። የስዊድኑ ኤስኬኤፍ፣ በጀርመኑ ሼፍለር ሥር የሚሠራው ፋግ፣ የአሜሪካው ቲምከን፣ የጃፓኖቹ ኤንኤስኬ፣ ኤንቲኤን እና ኮዮ ከእነዚህ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። እነዚሁ ፋብሪካዎች ያንኑ ኩሽኔታ በራሳቸው ሳጥን አሽገው ለመለዋወጫ ገበያ ስለሚያቀርቡ፣ ቁጥሩን ያወቀ ገዢ የመኪናው ዓርማ ለታተመበት ሳጥን ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አይጠበቅበትም።

ለምሳሌ ያህል በአመዛኙ የምጠቅሰው ማዝዳ ኤምኤክስ-5ን ነው። ይህ መኪና አሜሪካ ውስጥ ሚያታ በሚል ስም ይታወቃል። ከ1989 እስከ 2005 የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ትውልዶች ለዚህ ጉዳይ ተስማሚ የሆኑት፣ በፊት ጎማቸውና በኋላ ጎማቸው ላይ ሁለት የተለያዩ የኩሽኔታ ዓይነቶች ስላሏቸው ነው።

አንደኛ፦ የሞተው ኩሽኔታ መሆኑን ያረጋግጡ

ከሁሉም የሚረክሰው ኩሽኔታ ሳያስፈልግ ያልተገዛው ነው። የተበላ ኩሽኔታ የሚያሰማው ድምፅ እንደ ንብ መንጋ የሚያጉረመርም ሲሆን፣ ከሞተሩ ዙር ጋር ሳይሆን ከመኪናው ፍጥነት ጋር አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ በተወሰነ ፍጥነት እየሄዱ ማርሹን ቢቀይሩ የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥ ይህኛው እንዳለ ይቀጥላል። ሰፊና ባዶ በሆነ መንገድ ላይ መሪውን በቀስታ ወደ ግራ ሲያዞሩ የመኪናው ክብደት ወደ ቀኝ ጎማዎች ይሄዳል፤ በዚያን ጊዜ ጩኸቱ ከጨመረ የቀኙ፣ ወደ ቀኝ ሲያዞሩ ከጨመረ ደግሞ የግራው ኩሽኔታ ቀዳሚ ተጠርጣሪ ይሆናል።

ይሁንና አለአግባብ የተበላ ጎማ ከዚህ ጋር በጣም የሚመሳሰል ድምፅ ስለሚያወጣ ብዙ ሰው በከንቱ ኩሽኔታ ይቀይራል። የፊትና የኋላ ጎማዎቹ መጠን አንድ ከሆነ አቀያይሮ መሞከር ምንም ወጪ የለውም፤ ድምፁ ከጎማው ጋር አብሮ ከተዛወረ ጥፋቱ የኩሽኔታው አይደለም። በመቀጠል መኪናውን በክሪክ አንሥተው በጠንካራ መቆሚያ ላይ ካሳረፉት በኋላ፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይወዝውዙት። በዚህ አቅጣጫ የሚሰማ ልቅነት ብዙውን ጊዜ ኩሽኔታውን ያመለክታል፤ በግራና በቀኝ ይዘው ሲወዘውዙት ብቻ የሚሰማ ከሆነ ግን አስቀድመው የመሪውን ዘንግ ጫፍ ይመርምሩ። በመጨረሻም አንድ እጅዎን በሞላው ላይ አሳርፈው በሌላኛው ጎማውን ያሽከርክሩት። ጤነኛ ኩሽኔታ ሲሽከረከር ሞላው ምንም አይሰማውም፤ የተበላው ግን ጠጠር የሚፈጭ ያህል ንዝረቱ እስከ እጅ ይደርሳል። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር መግባት ፈጽሞ ክልክል መሆኑን ማንም ስለሚያውቀው አልደግመውም።

ሁለተኛ፦ የኩሽኔታውን ዓይነት ይለዩ

በስፖርት መኪኖች ላይ በብዛት የሚገኙት ሦስት ዓይነቶች ሲሆኑ፣ የቁጠባው መንገድ በእያንዳንዳቸው ይለያያል።

በቆዩ መኪኖች የፊት ጎማ ላይ የሚገኘው ሾጣጣ ሮለሮች ያሉት ጥንድ ኩሽኔታ ነው። ይህ ዓይነት ከሦስቱ ሁሉ ርካሽ ነው፤ ልኩ ለእርሻ መሣሪያና ለተጎታች ጋሪ ሳይቀር የሚሠራበት የተለመደ ልክ በመሆኑ በየትም ይገኛል። ውስጠኛው ክፍል ከሮለሮቹ ጋርና ውጫዊው ቀለበት ለየብቻ ቁጥር ስላላቸው ግን ሁለቱንም መግዛት ግድ ነው፤ አዲስ ሮለር በአሮጌ ቀለበት ላይ መግጠም ቁጠባ ሳይሆን ሥራን ሁለት ጊዜ መሥራት ነው።

ሁለተኛው በፕሬስ (በመጫኛ ማሽን) ተገፍቶ የሚገባው ባለ ሁለት ረድፍ ኳስ ኩሽኔታ ነው። የኤምኤክስ-5 የኋላ ጎማ የሚዞረው በዚህ ላይ ነው። ኩሽኔታው ራሱ ርካሽ ቢሆንም የሚያስገባውና የሚያስወጣው ሥራ ዋጋ አለው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ኩሽኔታውና ሞዞው (ጎማው የሚታሠርበት የመሐል ብረት) አንድ ላይ የተሠሩበት ሙሉ ዕቃ ነው። የኤምኤክስ-5 የፊት ጎማ የዚህ ዓይነት ሲሆን፣ በመሐሉ ያለው ትልቅ ዳዶ ሲፈታ ሙሉው ዕቃ ይወጣል፤ ፕሬስም አይፈልግም። ከ1997 ጀምሮ የተሠራው አምስተኛው ትውልድ ሸቭሮሌ ኮርቬትም በአራቱም ጎማዎቹ በቡሎን የሚታሠር ሙሉ ዕቃ ይጠቀማል። የዚህ ዓይነቱ ዋጋ ከፍ ያለ ነው፤ የእጅ ሥራው ግን ቤት ውስጥ ሊሠራ ስለሚችል ጠቅላላ ወጪው ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ያንሳል።

ሦስተኛ፦ ቁጥሩን ያግኙ

ከዚህ በላይ ትኩረት የሚሻ ደረጃ የለም። በመጀመሪያ የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ይዘው የአምራቹን የመለዋወጫ ቁጥር ከወኪሉ ወይም ከመለዋወጫ ካታሎግ ያውጡ። ይህን ቁጥር በኩሽኔታ ፋብሪካዎቹ ካታሎግ ውስጥ ሲያስገቡት የእነርሱን አቻ ቁጥር ይሰጥዎታል። አሜሪካ ያለ አንባቢ ሮክአውቶን በመሳሰሉ የመለዋወጫ ገበያዎች ከዕቃው መግለጫ ሥር የአምራቹን ተለዋጭ ቁጥሮች ስለሚያገኝ በዚያ በኩል ማመሳከር ይችላል። የሁለት የተለያዩ ፋብሪካዎች ካታሎግ አንድ ዓይነት ልክ ከሰጠዎት ቁጥሩ ትክክል ነው ብለው ሊተማመኑ ይችላሉ።

ከወረቀቱ የሚበልጠው ምስክር ግን አሮጌው ኩሽኔታ ራሱ ነው። በመርካቶ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ፈልጎ የዞረ ሰው ናሙና ሳይዙ መሄድ ምን ያህል እንደሚያንገላታ ያውቃል፤ እዚህም ያው ነው። የወጣውን ኩሽኔታ ግራሶ በጨርቅ ጠርገው ቀለበቱን ወደ ብርሃን ቢያዘነብሉት የፋብሪካው ስምና ቁጥሩ ተቀርጾ ይታያል። ቁጥሩ ካልተበላ ሥራው አለቀ ማለት ይቻላል።

የብዙዎቹ ቁጥሮች አነጋገር ደግሞ በቀላሉ ይለመዳል። 6306 የተባለ ባለ አንድ ረድፍ ኳስ ኩሽኔታ ቢያጋጥምዎት የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች በ5 ሲባዙ የውስጥ ቀዳዳውን ስፋት ይሰጣሉ፤ 06 ሲባዛ 30 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ይህ ስሌት ከ04 ጀምሮ ላሉት ቁጥሮች ይሠራል። የዚሁ ኩሽኔታ የውጭ ስፋት 72፣ ውፍረቱ ደግሞ 19 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በማንኛውም ፋብሪካ ቢሠራ ልኩ ያው ነው። በፕሬስ ለሚገባው ዓይነት ደግሞ በሰፊው የሚሠራበት ዲኤሲ ተብሎ የሚጀምር አጻጻፍ አለ፤ ዲኤሲ39720037 ማለት ቀዳዳው 39፣ የውጭ ስፋቱ 72፣ ውፍረቱ 37 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የሾጣጣዎቹ ቁጥር ግን ልኩን በግልጽ አይናገርም፤ ብዙዎቹም በኢንች የተሠሩ በመሆናቸው በሚሊ ሜትር ሲለኩ ሙሉ ቁጥር አይሰጡም። ለምሳሌ ኤልኤም67048 የተባለው ቀዳዳው 31.75 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም አንድ ኢንች ከሩብ መሆኑ ነው። ስለዚህ ካሊፐርዎ 31.75 ቢያሳይ 32 ነው ብለው አያጠጋጉት።

ከቁጥሩ ቀጥለው የሚመጡት ፊደላትም ትርጉም አላቸው። 2አርኤስ ማለት በሁለቱም ወገን የጎማ መከላከያ አለው ማለት ሲሆን፣ ዜድዜድ ማለት ደግሞ መከላከያው የብረት ሰሌዳ ነው ማለት ነው። ሲ3 የሚለው ምልክት በኳሶቹና በቀለበቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከተለመደው ሰፋ ያለ መሆኑን ያሳያል። አሮጌው ሲ3 ከሆነ አዲሱም ሲ3 ይሁን፤ ሻጩ «ልዩነት የለውም» ቢልዎት ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።

የኤቢኤስን (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለውን ሥርዓት) ነገር አይዘንጉ። በቆዩት መኪኖች ላይ ፍጥነትን የሚያነበው መሣሪያ የሚያነበው ጥርስ ያለው ቀለበት በሞዞው ላይ የተገጠመ በመሆኑ፣ ኤቢኤስ ያለውና የሌለው ኤምኤክስ-5 የፊት ሞዞ ቁጥር ይለያያል። እኔም ይህን የተማርኩት ከፎቶግራፍ ብቻ አይቼ የገዛሁትን ሞዞ ሳጥኑን ከፍቼ ጥርሱን ስፈልግ ባጣሁበት ቀን ነው። በአዲሶቹ መኪኖች ላይ ደግሞ ቀለበቱ በኩሽኔታው መከላከያ ውስጥ የተቀበረ ማግኔት ስለሆነ ዓይን አይለየውም። ማግኔታዊ መሆኑን ቀጭን የወረቀት መያዣ ሽቦ በማስጠጋት ማወቅ ይቻላል፤ ሲገጠምም ማግኔት ያለበት ገጽ ወደ አንባቢው መሣሪያ መዞር አለበት። ተገልብጦ ከገባ መኪናው ይሄዳል፤ የኤቢኤስ መብራት ግን አይጠፋም።

አራተኛ፦ ዋጋው የሚቀንስባቸውን በሮች ያንኳኩ

የመጀመሪያው በር ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የፋብሪካው የራሱ ሳጥን ነው። ሁለተኛው የመኪናዎን ዘመድ መፈለግ ነው። የስፖርት መኪና አጥንቱ ብዙ ጊዜ ከተራ መኪና የተወሰደ ነው። በ1976 ለገበያ የቀረበው ፖርሽ 924 የፊት እግሩን ከፎልክስዋገን ጎልፍና ሲሮኮ፣ የኋላውን ደግሞ አዲስ አበባ ጠንቅቃ ከምታውቃት ከዚያችው ክብ ፎልክስዋገን ወርሷል። በ2012 የወጡት ቶዮታ 86 እና ሱባሩ ቢአርዜድም የተሠሩት በአንድ የሱባሩ ፋብሪካ ውስጥ ሲሆን፣ በቶዮታ ካታሎግ ኤስዩ003 ብለው የሚጀምሩት ቁጥሮች ምንጫቸው ሱባሩ ነው። ስለዚህ ባለ 86ቱ ሰው ወደ ሱባሩ ወኪልም ደውሎ ዋጋ መጠየቅ ይገባዋል። «የስፖርት» የሚለው ቃል ከፍለጋው ሲወጣና በምትኩ ቁጥሩ ብቻ ሲገባ ዋጋ እንዴት እንደሚወርድ ማየት ያስገርማል።

ሦስተኛው በር ለፋብሪካዎችና ለማሽን ጥገና ኩሽኔታ የሚሸጡ መደብሮች ናቸው። እነዚህ ሰዎች የመኪና ስም አይጠይቁም፤ ልክና ቁጥር ከሰጧቸው አውጥተው ያስቀምጡልዎታል። ለሾጣጣዎቹና ለባለ አንድ ረድፎቹ ከእነርሱ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ለመኪና ብቻ የተሠሩትን ባለ ሁለት ረድፎችና ሙሉ ሞዞዎች ግን ላያኖሩ ይችላሉ።

አንዱ ወገን ሲሞት ሁለቱንም መቀየር አለብዎት የሚል ምክር ይሰማሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የተዘጋና ራሱን የቻለ ኩሽኔታ ሁለት ጎኖች ጥንድ ሆነው የሚሠሩ አይደሉም፤ ፍሬን ሸራ አይደለም። ሌላኛው ወገን ያለ ድምፅና ያለ ልቅነት ከዞረ ገንዘብዎን ለቀጣዩ ያስቀምጡ። የተለየ የሚሆነው መኪናው ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ከነበረ ብቻ ነው።

አምስተኛ፦ የማይቆጠብባቸውን ይለዩ

ከአሮጌ መኪና መበተኛ በፕሬስ የሚገባ ኩሽኔታ አውጥቶ መግዛት ከንቱ ነው። ኩሽኔታው ሲወጣ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ስለሚያልፍ በቀለበቱ ላይ ለዓይን የማይታይ ጉድጓድ ይተዋል፤ ከተገጠመም በኋላ ብዙ ሳይቆይ መጮህ ይጀምራል። ኩሽኔታው ከሚቀመጥበት መያዣ ብረት ጋር ሳይነካ የተሸጠ ሙሉ ዕቃ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አሽከርክረው አይተው መወሰን ይችላሉ።

በሞዞው መሐል የሚታሠረው ትልቁ ዳዶ በተፈታ ቁጥር በአዲስ መተካት አለበት። በኤምኤክስ-5 ላይ ያለው ዳዶ ከንፈሩ በመምቻ ተመትቶ ወደ ዘንጉ ጎድጓዳ ቦታ እንዲገባ የሚደረግ ዓይነት ነው፤ አንዴ የተፈታው ሁለተኛ ቢመታ ሊሰነጠቅ ይችላል። መያዣ ቀለበቱንና የግራሶ መከላከያውንም አብረው ይዘዙ። ብዙ ጊዜ እነዚህን ሁሉ በአንድ ሳጥን የያዘው ስብስብ ለየብቻ ከመግዛት ይረክሳል፤ አንዳንዱ ስብስብ ግን ዳዶው ይጎድለዋልና ዝርዝሩን ያንብቡ።

መኪናውን በእሽቅድምድም ሜዳ ላይ የሚነዱ ከሆነ ርካሹን ሞዞ ይርሱት። ሰፊና የሚይዝ ጎማ በመታጠፊያ ላይ በኩሽኔታው ላይ የሚያሳርፈው የጎን ጫና ከመንገድ አነዳድ ጋር አይነጻጸርም። ኤስኬኤፍ ለኮርቬት ኤክስ ትራከር የተባለ የተለየ ሞዞ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው አስመስሎ የተሠራው ነው። ሐሰተኛ አምራቾች የሚያስመስሉት ታዋቂውን ስም ነው፤ ስለዚህ ስሙ ብቻ ዋስትና አይሆንም። ዋጋው ከሌሎቹ ታማኝ ሻጮች ሁሉ እጅግ ወርዶ ከታየ፣ የሳጥኑ ኅትመት ከደበዘዘ፣ በሳጥኑና በቀለበቱ ላይ ያለው ቁጥር ወይም የተሠራበት አገር ስም ከተለያየ አይቀበሉት። ኤስኬኤፍ «ኦተንቲኬት»፣ ሼፍለር ደግሞ «ኦሪጂንቼክ» የተባሉ የስልክ መተግበሪያዎች አሏቸው፤ ፎቶ አንሥቶ ወይም ኮዱን አንብቦ ማጣራት ይቻላል። በአንጻሩ ስሙን ሳይደብቅ በራሱ ስም የሚሸጥ ርካሽ ፋብሪካ ለየቀን መንገድ ለሚነዳ መኪና ተገቢ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ታማኝ ርካሽ ከውሸታም ታዋቂ ይሻላል።

ስድስተኛ፦ ዕቃው ሲደርስ

ሳጥኑን ከፍተው ቀዳዳውን፣ የውጭ ስፋቱንና ውፍረቱን በካሊፐር ይለኩ፤ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ያስተያዩት። በእጅ ሲያዞሩት ለስላሳና ጥቂት ክብደት ያለው መሆን አለበት፤ በግራሶ የተሞላ አዲስ ኩሽኔታ እንደ አሻንጉሊት በነፃ የማይሽከረከር መሆኑ ጉድለት አይደለም። ለመግጠም እስኪዘጋጁ ድረስ ከመጠቅለያው አያውጡት፤ ከፋብሪካ የመጣውን ግራሶም በቤንዚን አጥበው የራስዎን አይሙሉ። ለሌላ ሰው ወደ አገር ቤት ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህ ልኬት ከጉዞው በፊት መደረግ አለበት፤ ሻንጣ ውስጥ የገባ ብረት ለመመለስ አይመችም።

ሰባተኛ፦ የእጅ ሥራውን ዋጋ ይቀንሱ

በፕሬስ ለሚገባው ኩሽኔታ ከሚከፈለው ገንዘብ አብዛኛው የሚሄደው ለጋራዡ ነው። መያዣ ብረቱን ራስዎ ከመኪናው ፈትተው ፕሬስ ወዳለው ጋራዥ ወይም ወደ ቶርኖ ቤት በእጅ ይዘው ከሄዱ የሚከፍሉት ለጥቂት ደቂቃ ሥራ ብቻ ይሆናል። ሥራው ሲሠራ ግን አጠገቡ ይቁሙ። ኩሽኔታው ወደ መያዣ ብረቱ ሲገባ መገፋት ያለበት በውጭ ቀለበቱ ላይ ነው፤ ሞዞው ወደ ኩሽኔታው ሲገባ ደግሞ መደገፍ ያለበት የውስጥ ቀለበቱ ነው። በሁለቱም ጊዜ ኃይሉ በኳሶቹ ማለፍ የለበትም። ውድ የተባሉት ኩሽኔታዎች ሳይቀሩ በሳምንታት ውስጥ የሚሞቱት በአብዛኛው ይህ ሕግ ሲጣስ ነው። ሞዞው ሲወጣ የአሮጌው የውስጥ ቀለበት ግማሽ አብሮት ይወጣል፤ ይህን በማውጫ ያስወግዱና ከሥሩ ያለው ገጽ ያልተቧጨረና ያልከሳ መሆኑን ይመርምሩ። ገጹ ከተበላ አዲሱ ኩሽኔታ ልቅ ስለሚሆን ሞዞውም መቀየር አለበት። አዲሱን ኩሽኔታ በፕላስቲክ አሽገው ሌሊቱን ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር ብረቱ ትንሽ እንዲኮማተር ስለሚያደርግ ያግዛል።

የኤምኤክስ-5 የመሐል ዳዶ በ29 ሚሊ ሜትር ቡሶላ የሚፈታ ሲሆን፣ በሚገጠምበት ጊዜ ጥብቀቱ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ለፊትና ለኋላ ለየብቻ በተጻፈው ልክ በቶርክ ሬንች መለካት ይኖርበታል። በአየር መሣሪያ እስኪጮህ ማጥበቅ ልክ አይደለም። የኋላው ዳዶ ሳይጠብቅ መኪናውን በጎማው ላይ አሳርፈው አያንቀሳቅሱ፤ ሁለቱን የውስጥ ቀለበቶች አጣብቆ የሚይዘው ዳዶው ብቻ ስለሆነ አዲሱ ኩሽኔታ ከመጀመሪያዋ ሜትር ጀምሮ ይጎዳል። የጎማ ዳዶዎቹ ደግሞ ከ88 እስከ 118 ኒውተን ሜትር ይጠበቁና ጥቂት ከነዱ በኋላ እንደገና ይፈተሹ።

ሾጣጣዎቹን ለሚገጥም ሰው አሠራሩ ይለያል። ግራሶውን በመዳፍ እየተጫኑ በሮለሮቹ መካከል እስኪወጣ ይሞሉታል፤ ጎማውን እያሽከረከሩ ዳዶውን ያጠብቁና ቦታውን ከያዘ በኋላ መልሰው ያላላሉ፤ የመጨረሻውን ማስተካከያም መጽሐፉ በሚያዘው ልክ ያደርጋሉ። እነዚህ እንደ ሌሎቹ በከፍተኛ ኃይል ከተጠበቁ ግለው ይቃጠላሉ።

ሲጨርሱ የፋብሪካውን ስም፣ የኩሽኔታውን ቁጥር፣ የተገጠመበትን ወገንና የኪሎ ሜትሩን ንባብ በወረቀት ጽፈው ከመመሪያ መጽሐፉ ጋር ያስቀምጡ፤ የሌላኛው ወገን ኩሽኔታ የሚሞትበት ቀን ሲመጣ ፍለጋው ከሦስተኛው ደረጃ መጀመር አይኖርበትም።